«ኮይል»፣ «ጥምጥም» ወይስ «ድውር»?
(በሞተር ብስክሌት የማቀጣጠያ ክፍሎች አሰያየም ላይ የቀረበ ማብራሪያ)

የቴክኒክ ቃላት አሰያየም አንዱን ቃል ከሌላው ነጥሎ በመተርጐም አይሳካም። መሣሪያ የክፍሎች ሥርዐት እንደ ሆነ ሁሉ ስሞቹም ሥርዐት ሊኖራቸው ይገባል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ሐሳብ በአንድ ጠባብ ምሳሌ፣ ይኸውም የአሮጌ ሞተር ብስክሌት የማቀጣጠያ ኮይልና ገመዶች በሚሻሻሉበት ሥራ፣ ለማስረዳት ይሞከራል።

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሁለት ዐይነት የቴክኒክ አማርኛ ጐን ለጐን ይገኛሉ። አንደኛው «ካንዴላ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካቻቪቴ» የመሳሰሉትን ከጣልያንኛ የወረሰው የጋራዥ አማርኛ ነው። ሁለተኛው ከግዕዝና ከአማርኛ ሥር ቃል የሚያወጣው የመዝገበ ቃላት አማርኛ ነው፤ በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኮሌጅ የሚጠራበት «ተግባረ እድ» (የእጅ ሥራ) የሚለው ስም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመምረጥ አይገደድም፤ የእያንዳንዱን ቦታ መለየት ግን ግዴታው ነው።

አስቀድሞ መሣሪያውን እንመልከት። በኮይሉ ውስጥ በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች አሉ። አንደኛው ወፍራም ሲሆን ጥቂት መቶ ዙር አለው፤ ሁለተኛው እጅግ ቀጭን ሲሆን ዙሩ ብዙ ሺህ ነው። ከባትሪ የሚመጣው ኮረንቲ በወፍራሙ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ኮረንቲው በድንገት ሲቋረጥ መስኩ ይፈርስና በቀጭኑ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ያስነሣል፤ በካንዴላውም ጫፍ ላይ ብልጭታ ይታያል።

እንግዲህ መላውን ዕቃ «ጥምጥም» ብንለው፣ በውስጡ ያሉትም ሁለት ጥምጥሞች ስለሆኑ ሙሉውና ክፍሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ጉዳቱ የቃላት ብቻ አይደለም። «የጥምጥሙን ሬዚስታንስ ለካ» የሚል መመሪያ የደረሰው ሠራተኛ የትኛውን ይለካል? በባለ 12 ቮልት ኮይሎች ወፍራሙ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ሲያሳይ፣ ቀጭኑ በሺህ የሚቆጠር ኦም ያሳያል። አንዱን በሌላው ቦታ የለካ ሰው ደኅናውን ኮይል ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ስለዚህ ከመደብር ለሚገዛው ዕቃ «ኮይል» የሚለው የተለመደ ቃል ቢጸና ይመረጣል። ለውስጡ ክፍል ግን የሸማኔው ቋንቋ የተሻለ ቃል አለው። ፈትል በቀሰም ላይ ሲጠመጠም «ተደወረ» ይባላል፤ የተጠመጠመውም «ድውር» ነው። ጣልያንኛው ለኮይል የሚሰጠው «ቦቢና» የሚለው ስምም ከክር ማጠንጠኛ የተወሰደ ስለሆነ ምሳሌው እንግዳ አይደለም። ከባትሪ የሚቀበለውን «ገቢ ድውር»፣ ለካንዴላ የሚሰጠውን «ወጪ ድውር» ብንል ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል።

«ማቀጣጠያ» እና «ማስነሻ» የሚሉትም ሊለዩ ይገባል። ሞተር የሚነሣው አንድ ጊዜ ነው፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ግን ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ በየዙሩ ነው። ኮይሉን «የማስነሻ ኮይል» ያለ ተርጓሚ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ኮይሉ ሥራ የሚፈታ ያስመስለዋል።

የመጨረሻው ነጥብ «ማሻሻል» የሚለውን ይመለከታል። መጠገን ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስ ነው፤ መለወጥ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተካት ነው፤ ማሻሻል ግን መላውን ሥርዐት ይነካል። ለምሳሌ ከባትሪው አንሥቶ በቁልፉ በኩል እስከ ኮይሉ የሚደርሰው አሮጌ ገመድና መጋጠሚያ 0.5 ኦም አለው እንበል። ገቢ ድውሩ 4 ኦም ከሆነ ከ12 ቮልት ውስጥ 10.7 ያህሉ ይደርሰዋል። በ2 ኦም ኮይል ብቻ ቢለወጥ ግን ኮረንቲው ከ2.7 ወደ 4.8 አምፔር ያድጋል፤ የሚደርሰው ቮልት ወደ 9.6 ይወርዳል፤ ኮረንቲውን የሚያቋርጠው ክፍልም ካልተሠራበት መጠን በላይ ይሸከማል። ስለሆነም ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ በኩል አዲስ ወፍራም ገመድ መዘርጋት፣ የኮይሉንም ኦም ከማቋረጫው አቅም ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። «ኮይሉን ለውጥ» ብሎ የተረጐመ ሰው የሥራውን እኩሌታ አስቀርቷል።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ የጋራዡ ቃል ዕቃውን ያለ ጥርጥር የሚያመለክት ከሆነ ይጠበቅ፤ አዲስ ቃል የሚፈጠረው መለየት የሚገባው ሳይለይ በቀረበት ቦታ ነው። የተፈጠረውም ቃል ወደ መዝገብ ከመግባቱ በፊት፣ መለኪያውን በእጁ በያዘው ሠራተኛ ዘንድ ቢፈተን ይበጃል።