ከመጠን በላይ መብላትና «ካፈርኩ አይመልሰኝ»

ባለፈው ሴሚስተር በአንደኛው የሴቶች መኝታ ክፍል የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አንዲት ሠልጣኝ እህታችን ለምረቃው ቀን ክብደት ልቀንስ ብላ ቁርስና ምሳ እርግፍ አድርጋ ተወች። ቀኑን ሙሉ ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ። ታዲያ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ ካልጋዋ ሥር ካስቀመጠችው ከረጢት ዳቦውንም ቆሎውንም በጨለማ ስትጨርስ ተገኘች። ሳቅንባት። «ቀን ጾመኛ፣ ሌሊት ጅብ» የሚል ስምም ወጣላት። እሷም በማግሥቱ ለቅጣት ያህል እራቱንም ተወች፤ በሦስተኛው ሌሊት የባሰ ሆነ። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገን ያ ሳቃችን ነው።

መቼም ያለ ልክ የሚበላን ሰው «ሆዳም ነው፣ ራሱን መግዛት አይችልም» ማለት ለሁላችንም ቀላል ነው። የሥነ ልቡና ጠበብት ግን ነገሩን በሌላ በኩል መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1975 ፒተር ኸርማንና ዲቦራ ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሴት የኮሌጅ ተማሪዎችን «ስለ ጣዕም ልናጠና ነው» ብለው ጠሯቸው። ለከፊሎቹ አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ሚልክሼክ፣ ማለትም ከወተትና ካይስክሬም የሚሠራ ወፍራም መጠጥ ሰጧቸው፤ ለቀሩት ምንም አልሰጡም። ከዚያም ለሁሉም አይስክሬም አቅርበው እንዳሻቸው እንዲቀምሱ ነገሯቸው። በኋላ የተበላው ሲታይ፣ ስለ ምግብ ብዙ የማይጨነቁት ልጆች ሚልክሼክ ከጠጡ አይስክሬሙን ቀነስ አድርገዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ክብደት እንዳይጨምሩ ዘወትር ራሳቸውን የሚከለክሉት ግን ሚልክሼክ ጠጥተው ሳለ፣ ምንም ካልጠጡት መሰሎቻቸው ይልቅ አብልጠው በሉ!

ለምን ይሆን? በዓመቱ፣ በ1976፣ ጃኔት ፖሊቪ የተባለች ተመራማሪ ፍንጩን አገኘች። ራሳቸውን የሚከለክሉት ሰዎች አብልጠው የበሉት ቀድሞ የቀመሱት ነገር በእርግጥ አወፋሪ ስለሆነ ሳይሆን፣ አወፋሪ ነው ብለው ስላመኑ ነበር። እንግዲህ ትእዛዙ የመጣው ከሆድ አይደለም። ሰውየው ለራሱ ያወጣው ሕግ አለ፤ በአንዲት ጉርሻ ፈረሰ፤ «የዛሬውማ ተበላሽቷል፣ ከነገ ጀምሬ እጠነቀቃለሁ» ይልና ሳህኑን ጠርጎ ይነሣል። ፈረንጆቹ ለዚህ የራሳቸውን ስም አውጥተውለታል። እኛ ዘንድ ግን ስሙ ድሮም ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ!

በርግጥ ሥጋም የራሱን ይጠይቃል። በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ሳይንቲስት የ36 ጤነኛ ወጣቶችን ቀለብ በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ያህል ቀነሰባቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚገባ ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ጨዋታቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁት እንኳ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ያነቡ ጀመር። ቀለቡ ሲመለስላቸው አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪያማቸው በልተው «አሁንም አልጠገብንም» አሉ። እነዚህን ሆዳሞች ነበሩ የሚል አለ?

ስለዚህ የዛሬው ሕክምና የሚጀምረው ከመከልከል ሳይሆን ከመብላት ነው። በእንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ፌርበርን ባዳበረው የንግግር ሕክምና ታካሚው በመጀመሪያ ቁርስ፣ ምሳና እራቱን፣ በመካከልም ቀለል ያለ መክሰስ በሰዓቱ እንዲበላ ይደረጋል። ትናንት ሌሊት ያለ ልክ በልቶ ቢሆንም እንኳ የዛሬው ቁርስ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው፤ ለበደሉ ካሣ መክፈል ያለበት ይመስለዋላ! ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። የበሉትን እዚያው እንደበሉ፣ ከሰዓቱና በልብ ከነበረው ነገር ጋር መጻፍ። ቆይቶ «በፍጹም አልነካም» የተባለው ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ገበታ ይመለሳል፤ እርም የሆነ ነገር ከሌለ የሚፈርስ ሕግም የለምና።

(በነገራችን ላይ፣ ጓደኛችን «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» እያልን የምናጎርሰው ነገር ፍቅር ቢሆንም፣ አንዴ «በቃኝ» ያለውን መስማትም ይቻላል።)

በልቶ ሆን ብሎ የሚያስመልስ ወይም ቀን ከሌት ስለ ክብደቱ ብቻ የሚያስብ ሰው ቢኖር ግን ደብተር ብቻውን አይበቃውም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ያቺ እህታችን ይቅርታችንን ተቀብላለች፤ ከደብተሯም ሁለት መስመር እንድንገለብጥ ፈቅዳልናለች። «ማክሰኞ፣ ማታ 4 ሰዓት፤ ሁለት ዳቦ። አልራበኝም ነበር፤ ከቤት ሳይደውሉልኝ ቀሩ።» ከሥሩ ደግሞ፣ «ረቡዕ፣ ጧት 1 ሰዓት፤ ፍርፍርና ሻይ፣ በስኳር።»