ሐኪሙን የሚያቆየው ውል

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረ ሰው «በነፃ ተማረ» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ቅጽ ይፈርማል፤ የምግብና የመኝታው ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስሙ ይመዘገባል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የቀረውን፣ ማለትም ትልቁን ድርሻ፣ የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

መንግሥት ታዲያ በምላሹ አገልግሎት ይጠይቃል። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መንገድ ዕጣ ነበር። አዲሶቹ ሐኪሞች ይሰበሰቡና እያንዳንዱ ስሙ ሲጠራ ወጥቶ የተጠቀለለች ወረቀት ያነሳ ነበር። አንዱ አዳማ ይደርሰው ነበር፣ ሌላዋ ጋምቤላ። የግዴታው ዘመን እንደ ቦታው ይለያይ ነበር፤ ራቅ ያለ ቦታ የደረሰው ቶሎ ይጨርስ ነበር። እስኪጨርስ ግን ዋናው ዲግሪ በእጁ አይገባም ነበር።

ዲግሪን ይዞ ማቆየት ርካሽ ዘዴ ነው፤ የሚሰጠውም ያንኑ ያህል ነው። ወር እየቆጠረ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም የወረዳዋን ስኳር ታማሚዎች በስም በለየበት ሰሞን መልቀቂያውን ይወስዳል። ተተኪው ካርዶቹን እንደገና ከመጀመሪያው ያገላብጣል።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሐሳቡ ብዙ ከሠለጠነ ጥቂቱ ቢሄድም የሚተርፍ አይጠፋም ነው። ተመራቂው በዛ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን በዚች ሐኪም በጠማት አገር ሥራ የሚፈልግ ሐኪም ታየ። ግራ ያጋባል፤ የበጀቱን መንገድ ለተከተለ ሰው ግን ምስጢር የለውም። ዩኒቨርሲቲው የሚተዳደረው በፌዴራል በጀት ነው፤ የወረዳው ሆስፒታል ደመወዝ የሚወጣው ከክልልና ከወረዳ ካዝና ነው። አሠልጣኙ ሌላ፣ ቀጣሪው ሌላ። የሠለጠነው ሰው የሥራ መደብ ይኑረው አይኑረው አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም።

ጃፓን ይህን ክፍተት የደፈነችበት መንገድ አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን የሚቀበለው ከየአውራጃው ነው። ከየአንዳንዱ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጆች ይመረጣሉ፤ ክፍያቸው በብድር መልክ ይሸፈናል። ተመርቀው ለላካቸው አውራጃ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ካገለገሉ ብድሩ ይሰረዛል፤ ካቋረጡ በአንድ ጊዜ ከነወለዱ ይከፍላሉ። ከፋዩ ራሱ ቀጣሪ ነው፣ ልጁም የዚያው አገር ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መቀበልን ከፊት አስቀምጦታል።

እኛ ጋ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የስፔሻሊቲ ስፖንሰር ነው። ክልሉ ወይም ሆስፒታሉ ጠቅላላ ሐኪሙን ይልካል፣ ደመወዙን እየከፈለ ያስተምረዋል፣ እሱም ተመልሶ ሊያገለግል ይፈርማል። ለእኔ ከዕጣው ይልቅ ተስፋ ያለው ይህኛው ነው፤ ወጣቱ ሐኪም አብዝቶ የሚመኘው ስፔሻላይዝ ማድረግን ነውና።

ችግሩ ውሉ ብዙ ጊዜ የሚያስረው አንዱን ወገን መሆኑ ነው። የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም የማደንዘዣ ማሽን ወደሌለበት ሆስፒታል ቢመለስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያው ለወራት ሲዘገይ ደግሞ ማታ የግል ክሊኒክ ይፈልጋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ሥራ እስከ ማቆም ካደረሷቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው የክፍያ ነገር ነበር። ስለዚህ ስፖንሰር ተገኘልኝ ብሎ እስክሪብቶ ያነሳ ሐኪም የግዴታውን ዓመት ብቻ አይቁጠር፤ ስመለስ መደቡ ይጠብቀኛል ወይ፣ የምሠራበት መሣሪያስ መቼ ይገባል ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም እዚያው ውሉ ላይ እንዲሰፍርለት ያድርግ።