ማይቶኮንድሪያ ሲታወኩ፦ የስኳር ሕመም፣ የመስማት ችግርና የእናት ወገን ታሪክ

እንዲህ ያለ ቤተሰብ አለ እንበል። እናት በ40 ዓመቷ ስኳር ተገኘባት፤ ቆይቶም ጆሮዋ እየደከመ መጣ። ልጇ ቀጭን ብትሆንም ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ የስኳር መድኃኒት ጀምራለች፤ በስልክ ስታወራም «እስኪ ጮክ በልልኝ» ማለት አብዝታለች። አክስቷ፣ የእናቷ እህት፣ ልቧን ትታከማለች። ሦስቱም በየፊናቸው የተለያየ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። የቤተሰቡን ታሪክ አንድ ላይ አድርጎ የጠየቀ ከሌለ፣ የሁሉም ምንጭ አንድ ሊሆን እንደሚችል ማንም አይጠረጥርም።

ማይቶኮንድሪያ በሴሎቻችን ውስጥ የሚገኙ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። ከምግብ የምናገኘውን ንጥረ ነገርና የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ተጠቅመው ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል ያመርታሉ። ከቀይ የደም ሴል በስተቀር በሁሉም የሰውነታችን ሴሎች ውስጥ አሉ ማለት ይቻላል። ሥራቸው ሲታወክ ቀድመው የሚጎዱት ብዙ ኃይል የሚፈልጉ አካላት ናቸው፦ አንጎል፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ እንዲሁም ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች። ስኳርና ጆሮ ምን ያገናኛቸዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ለምን ከእናት ወገን?

ማይቶኮንድሪያ 37 ጂኖችን ብቻ የያዘ የራሳቸው አጭር ዲኤንኤ አላቸው። ይህን ዲኤንኤ የምንወርሰው ከእናታችን ነው። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወርሳል፣ በሽታውም ሊታይበት ይችላል፤ ለልጆቹ ግን አያስተላልፍም።

በአንድ ሴል ውስጥ ጤናማውና ጉድለት ያለበት ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይገኛሉ። እንክርዳድ ከተቀላቀለበት አንድ ጆንያ ስንዴ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ እፍኝ እንደ መስጠት ነው። ለአንዱ ጥቂት እንክርዳድ ይደርሰዋል፣ ለሌላው ብዙ። የጉድለቱ መጠን ከፍ ሲል ሕመሙ ይታያል። በዚህም ምክንያት ከአንድ እናት ከተወለዱት አንዱ ጤነኛ፣ ሁለተኛው ስኳር ያለበት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ በወጣትነቷ የሚጥል በሽታና ስትሮክ የሚመስል ሕመም የሚደጋገምባት ልትሆን ትችላለች። 3243 በሚባለው ቦታ ላይ የሚከሰተው የአንዲት «ፊደል» ለውጥ ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል።

ሁሉም የማይቶኮንድሪያ በሽታ ግን ከእናት አይመጣም። ማይቶኮንድሪያን የሚገነቡት አብዛኞቹ ጂኖች ያሉት ከእናትም ከአባትም በምንወርሰው ዋናው ዲኤንኤ ውስጥ ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚታየው በሽታም በብዛት ከዚያ ይነሳል። እናትን መውቀስ በየትኛውም መንገድ ተገቢ አይደለም። ጂኗን መርጣ የወለደች የለችም።

ስለ መድኃኒት ማወቅ ያለብዎት

ጄንታሚሲንና ስትሬፕቶማይሲን ከአንድ ወገን የሆኑ ፀረ ባክቴሪያ መርፌዎች ናቸው። ጄንታሚሲን ዛሬም ለከባድ ኢንፌክሽን፣ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት፣ በስፋት ይሰጣል፤ ስትሬፕቶማይሲን ደግሞ ለቲቢ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። በከፍተኛ መጠን ወይም ለረጅም ጊዜ ከተሰጡ ማንኛውንም ሰው ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። 1555 በሚባለው ቦታ ላይ የማይቶኮንድሪያ ለውጥ ያላቸው ሰዎች ግን በተለመደው መጠን፣ አንዳንዴም ከጥቂት መርፌ በኋላ፣ መስማት ሊያቆሙ ይችላሉ። የሞቱት የውስጥ ጆሮ ሴሎች አይተኩም።

በብዙ ቤተሰብ «ያኔ መርፌ ተወግታ ነው የደነቆረችው» የሚባል ታሪክ ይሰማል። ታሪኩ በእናትዎ፣ በእናትዎ እናት ወይም በእናትዎ ወንድሞችና እህቶች ላይ ከደረሰ፣ መርፌው ከመታዘዙ በፊት ለሐኪም ይንገሩ። መርፌውን እምቢ ይበሉ ማለቴ አይደለም፤ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ሌላ አማራጭ ካለ ሊመርጥ ይችላል።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድም ፖልጂ በሚባለው ጂን ላይ ጉድለት ላለባቸው የተከለከለ ነው፤ ጉበታቸውን እስከ ሞት ሊጎዳ ይችላል። ሜትፎርሚን ለአብዛኛው የስኳር ታማሚ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የማይቶኮንድሪያ ስኳር ላለባቸው ግን ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ እንዳይከማች በመስጋት ብዙ ሐኪሞች ሌላ ይመርጣሉ። ይህን አንብበው መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

ምርመራና ክትትል

ድካም ብቻውን የማይቶኮንድሪያ በሽታ ምልክት አይደለም። ከድካም ጀርባ በብዛት የምናገኘው የደም ማነስ፣ የእንቅርት ችግር፣ ድባቴ ወይም የእንቅልፍ እጦት ነው። ጥርጣሬው የሚጠነክረው ሁለት ሦስት የማይገናኙ የሚመስሉ አካላት አብረው ሲታመሙና ተመሳሳይ ነገር በእናት ወገን ሲኖር ነው።

የጂን ምርመራ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም። ውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ለ3243 ሲመረመሩ ከደም በተጨማሪ ሽንትም ይታይ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለውጡ ዕድሜ ሲገፋ ከደም ውስጥ እየቀነሰ ስለሚሄድ የደም ምርመራ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ምርመራው ባይገኝም የመስማት ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ የዓይንና የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ማድረግ ይቻላል። በሽታውን ከሥሩ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ጆሮው፣ ስኳሩና ልቡ ግን ይታከማሉ። በውድ የሚሸጡት «የማይቶኮንድሪያ ቫይታሚኖች» ላይ የቤተሰብ ገንዘብ ከማፍሰስ መጀመሪያ የመስሚያ መሣሪያ ቢገዛ እመርጣለሁ።

በሽታው የተረጋገጠባቸው ሰዎች ከረጅም ጊዜ ጾም መራቅ አለባቸው። ምግብ ለብዙ ሰዓት ሲቋረጥ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም ትውከት ሲጨመርበት፣ ኃይል በማጣት የሚመጣ ድንገተኛ ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። በጾም ወቅት ስለሚያደርጉት ነገር ከሐኪምዎ፣ ከዚያም ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኽዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የታመመ ሰው እንዲበላ ሁለቱም እምነቶች ይፈቅዳሉ። ታማሚው የሚያስታውከው ምግብ አልረጋ ካለው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም ይዘው ይሂዱ።