ሳንባ ሲታመም ልብን መጠየቅ

አንድ የ70 ዓመት አዛውንት በሳል፣ በትኩሳትና በትንፋሽ ማጠር ተይዘው ድንገተኛ ክፍል ገቡ እንበል። ራጁ በቀኝ ሳንባቸው ታችኛው ክፍል ላይ ነጭ ጥላ ያሳያል። ሳንባ ምች መሆኑ አያከራክርም። ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ነው። መድኃኒታቸውን ይዘው ቤታቸው ይሂዱ? አልጋ ይያዙ? ወይስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግቡ?

ለዚህ ውሳኔ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሐኪሞች «ከርብ-65» የሚባል ነጥብ አሰጣጥ ይጠቀማሉ። አምስት ነገሮችን ያያል፦ የአእምሮ መደናገር፣ በደም ውስጥ ያለ ዩሪያ መጨመር፣ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ዕድሜ 65 እና ከዚያ በላይ መሆን። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ በወጣበት ጥናት ዜሮ ወይም አንድ ካገኙት ሕሙማን የሞቱት በመቶ 1.5 ገደማ ሲሆኑ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ካገኙት ግን በመቶ 22 ገደማ ሞተዋል። ቀላልና ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ጉድለቱ ልብን በቀጥታ አለመጠየቁ ነው።

ልብን መጠየቅ ለምን አስፈለገ? በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ 1,343 የሳንባ ምች ሕሙማንን መረጃ የመረመረና በ2012 የወጣ ጥናት ከአራቱ አንዱ ያህል አዲስ ወይም የባሰ የልብ ችግር እንደገጠመው አሳይቷል። አንዳንዱ የልብ ድካም ይይዘዋል፣ የሌላው የልብ ምት ይዛባል፣ «ሃርት አታክ» የሚመታውም አለ። ከእነዚህ ችግሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የታዩት ገና በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ማለትም አንቲባዮቲኩ በወጉ ሥራ ሳይጀምር።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የታመመ ሳንባ ለደም በቂ ኦክስጅን አይሰጥም፤ ትኩሳቱ ደግሞ ልብ ፈጥኖ እንዲመታ ያስገድዳል። ልብ ስንቁ ተቀንሶበት ጭነት እንደተጨመረበት የጭነት በቅሎ ይሆናል። ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የሚፈጠረው መቆጣት (ብግነት) ደምን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፤ በልብ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ስብም ሊሰነጥቀው ይችላል። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር አሳዩ። ዋነኛው የሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስ፣ በተያዙ አይጦች ደም ውስጥ ተጉዞ ልብ ጡንቻ ውስጥ ይገባና በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥቃቅን ቁስሎች ይፈጥራል። የሴሎችን ሽፋን የሚበሳ መርዝም አለው። የሚገርመው፣ በቁስሎቹ ዙሪያ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች አልተሰበሰቡም ነበር። ወራሪው ሳይነቃበት ልብ ውስጥ ቤቱን ሠርቷል።

እንግዲህ ይህ ጉዳት አሻራውን በደም ላይ ይተዋል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። ቦታው ሴሉ ውስጥ ስለሆነ ደም ውስጥ በብዛት ከታየ የልብ ሴሎች ተጎድተዋል ማለት ነው። የዛሬ መመርመሪያዎች በሊትር የናኖግራም ያህል ኢምንት መጠን ይለያሉ። ቢኤንፒ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። የልብ ክፍሎች በሚሞላቸው ደም መጠን ሲለጠጡና ሲጨነቁ ልብ ራሱ የሚለቀው ሆርሞን ነው፤ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የጃፓን ሳይንቲስቶች በ1988 መጀመሪያ ያገኙት በአሳማ አንጎል ውስጥ ነበር፤ ዋናው ምንጩ ልብ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

የሁለቱ መጠን ከፍ ያለባቸው የሳንባ ምች ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ የበለጠ መሆኑ ተደጋግሞ ታይቷል። በጀርመን 728 ሕሙማንን ለ180 ቀናት የተከታተለና በ2010 የታተመ ጥናት የልብና የደም ሥር ጠቋሚዎችን ጎን ለጎን አወዳድሮ «ፕሮአድሬኖሜዱሊን» የተባለውን በአንደኝነት አስቀምጧል። ኮቪድ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ጎላ። በዉሃን ከተማ ሆስፒታል ከተኙ 416 ሕሙማን መካከል የልብ ጉዳት ምልክት በደማቸው ከታየባቸው 82ቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ሞተዋል፤ ምልክቱ ካልታየባቸው ግን የሞቱት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም።

ታዲያ ሁሉም ሕመምተኛ ይመርመር? እኔ አይመስለኝም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሳንባው ባይታመምም ትሮፖኒኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ ወፍራም ሰው ደግሞ ልቡ ተጨንቆም ቢኤንፒው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በእኛ አገር ሌላም ነገር አለ። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ የተጎዳ ወጣት ሳንባ ምች ሳይይዘውም ቢኤንፒው ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ያለ ታሪኩ ማንበብ ያሳስታል። ከሁሉም በላይ፣ ቁጥሩ ከፍ አለ ተብሎ የሚሰጥ፣ ሞትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ልዩ መድኃኒት እስካሁን የለም። ምርመራው የሚጠቅመው ማንን በቅርብ እንደምንከታተል፣ የልብ ምት ምርመራ (ኢሲጂ) ለማን እንደምንደግም፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ለማን እንደምንቀንስ ለመወሰን ነው። ያም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ምርመራው በማይገኝበት ጤና ጣቢያም ሐኪሙ ባዶ እጁን አይደለም። ከከርብ-65 ላይ ዩሪያን ቀንሶ የተዘጋጀው «ሲአርቢ-65» ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ሰዓት፣ የግፊት መለኪያና አስተዋይ ዓይን ይበቁታል።

ለአንባቢ ደግሞ ይህን ልጨምር። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው የወጡ አረጋውያን በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ለልብና ለአንጎል የደም ሥር ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል፣ ከዚያም ለዓመታት ሙሉ በሙሉ እንደማይወርድ አሳይቷል። ስለዚህ እናትዎ ወይም አባትዎ ከሳንባ ምች አገግመው ቤት ሲገቡ የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን አያቋርጡ። እግራቸው ካበጠ፣ ተንጋለው መተንፈስ ካቃታቸው ወይም ደረታቸውን ከጨመደዳቸው «ከበሽታው የተረፈ ድካም ነው» ብለው አይጠብቁ፤ ይዘዋቸው ወደ ሐኪም ይሂዱ፣ ሳንባቸውን ብቻ ሳይሆን ልባቸውንም እንዲያይላቸው ይጠይቁ።