ከጋይንት ደጋ እስከ አፋር በረሃ፦ ሞተር ብስክሌት በተራራ መንገድ

ሞተር ብስክሌት፣ በአገሬው አጠራር ባጭሩ ሞተር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በይበልጥ የሚታወቀው የግብርና ባለሙያውንና የጤና ሠራተኛውን ከቀበሌ ቀበሌ በማመላለስ ነው። ይሁን እንጂ አገር ለማየት ለሚጓዝ ሰውም ከመኪና ይመረጣል፤ ገደሉና ሸለቆው በመስኮት ሳይከለል ይታየዋልና፣ መኪና በሚቆምበት ቀጭን መንገድም ይገባልና። የግልቢያው ደስታም ችግሩም የሚመነጨው ግን ከአንድ ነገር፣ ከከፍታው መለዋወጥ ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ ስለተሠራ «የቻይና መንገድ» ሲባል ይኖራል። ወረታ 1,800፣ ደብረ ታቦር 2,700፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ 3,100 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ሲሆኑ፣ በመካከሉ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣው ጉና በደቡብ በኩል ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ኃይል እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ መንገዱን እየጠረጉ የደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ነበር፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ የሚወጣ ሞተረኛ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በየምቱ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጉልበቱም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ክፍል፣ የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደ ወትሮው ያፈስሳል፤ በዚህ ጊዜ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቁራጭ ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ ሲሆን፣ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ግን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሲሳነው ያያል፤ ስለዚህ ነባሮቹ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይዙ፣ ሞተሩ ራሱ ጎማውን እንዲገታ አድርገው ይወርዳሉ። እንደ ያማሃ ዲቲ ባሉት ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ ግን ይህም ጥንቃቄ ይሻል፤ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ነዳጅ በተሰጠ መጠን ስለሆነ፣ ነዳጁን ዘግቶ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ፒስተኑን አድርቆ ከሲሊንደሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ስለሆነም አልፎ አልፎ ነዳጅ መስጠት ግድ ነው።

ከወልድያ አካባቢ በሐራና በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ሞተረኛውን ከደጋው አውጥቶ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የአፋር ምድር ላይ ያሳርፈዋል። እዚህ ችግሩ ይገለበጣል፤ ለጋይንት የጠበበው ቀዳዳ ለወፍራሙ የቆላ አየር ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተሩም በንፋስ ብቻ የሚበርድ ከሆነ በሙቀቱ ላይ ሙቀት ይጨምራል። በአሸዋ ላይ ደግሞ የጎማው አየር ጥቂት ተነፍሶ ጎማው ሰፍቶ እንዲረግጥ ይደረጋል፤ አቧራ የሚጠጣው የአየር ማጣሪያም በየዕለቱ መጽዳት አለበት።

ለእይታ የሚበልጠው ግን፣ ሚዛኑ ለማንም ቢተው፣ ወደ ኋላ፣ በጋይንት፣ ከቻይናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቤተ ልሔም ደብር የሚወስደው ነው። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ በመሆኑ የአብነት ተማሪዎች ከሩቅ አገር በእግራቸው ይመጡበታል። አራት ማዕዘኑ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ የሣር ቤት ውስጥ ስለተሸሸገ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለው እንግሊዛዊ በበቅሎ ደርሶ በመጽሐፉ እስከገለጸው ድረስ የውጭ ተመራማሪዎች እምብዛም አላወቁትም ነበር። በክረምት ወደዚህ ለመድረስ የሚሞክር ሞተረኛ ዋልካው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ መሽከርከሪያውን እንዳያስረው እየወረደ በእንጨት ይፍቀዋል፤ ከመስከረም በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ግን ይኸው መንገድ ለሞተር ምቹ ይሆናል።