የመዳብ ስሙኒ

በጂቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከሀገር ይዞት የመጣውን የድሮ ሳንቲም በቆርቆሮ ጣሳ የሚያኖር ሰው አይጠፋም፤ ከባሕር የሚነሣው ጨው ያዘለ ነፋስ ግን የመዳብ ጠላት ነውና፣ ጣሳው በተከፈተ ጊዜ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል አረንጓዴ ለብሶ ይገኛል። ያን ጊዜ እጅ ወደ ሎሚና ወደ አመድ መሮጡ ልማድ ቢሆንም፣ በዘመን ብዛት በመዳቡ ላይ የሰፈረው ቡናማ ገጽ አንዴ ከተፋቀ ዳግመኛ አይመለስምና፣ ሰብሳቢ የሚሻው ሳንቲም በዚያው ሰዓት ዋጋውን ያጣል። የአክሱም ነገሥታትማ በአንዳንዱ የመዳብ ገንዘባቸው ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ለብጠው ስለ ነበረ፣ ፍትጊያው ወርቁንም ይዞት ይሄዳል።

ከጣሳው ሁሉ ታሪኩ የሚጥመው ስሙኒው ነው። 1936 የሚል ዘመን የተቀረጸባቸው የ1፣ የ5፣ የ10ና የ25 ሳንቲም ገንዘቦች ከመዳብ፣ ሽልንጉ ደግሞ ከብር ሲሠሩ፣ የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ፣ በመጠኑም ለሽልንጉ የቀረበ ስለ ነበረ፣ ብልጣ ብልጦች ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር፤ መንግሥትም ነገሩን ሲረዳ ክቡን አስቀርቶ ጠርዙ የተሸነሸነውን አወጣ። ዛሬ ሰብሳቢ ክቡን የሚያሳድደው ስለዚህ ነው፤ የአጭበርባሪ ሥራ ለሌላው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው። ዘመኑም ቢሆን አይታመንም፤ ገንዘቡ እስከ ንጉሡ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ ሲመታ ቁጥሩ 1936 እንደ ሆነ ቆይቷልና።

ከእነዚህ ሳንቲሞች ከፊሎቹ የተመቱት በአሜሪካ በፊላዴልፊያው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ ከ1793 እስከ 1857 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች የመታውም ይኸው ቤት ነው። የነዚያን ሰብሳቢዎች የሚመራው ከ1 እስከ 70 ያለው የሳንቲም ይዞታ መመዘኛ የዊልያም ሼልደን ሥራ ነው፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ 70 ያገኘው ሳንቲም 1 ካገኘው ሰባ እጥፍ እንዲያወጣ አስቦ ነበር። ገበያው ስሌቱን ከተወው ቆይቷል፤ ቁጥሮቹ ግን ቀርተዋል።

በእኛው ስሙኒ ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የተቀረጸው፣ የንጉሡ ጠጉርና የአንበሳው ጋማ ነው። ጠጉሩ ዘርዘር ብሎ ከታየ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከባሕሩ ነፋስ በሚከለል ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ማኖር ይበቃል፤ ሎሚው ለወጥ ቤት ይቅር።