ካርቶን ጨርቅ ሲለብስ፦ ለእጅ ሥራ ዕቃ የሚሆን ሣጥን በቤት እንዴት ይሠራል?

ልብስ የሚሰፋ፣ ጥልፍ የሚጠልፍ ወይም ዳንቴል የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ዕቃው ብዙ ነው። ክሩ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ፣ ላስቲኩ፣ ከስፌት የተረፈው ቁርጥራጭ፣ ተጀምሮ ያላለቀው የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቦታ ግን ፌስታል ነው። ፌስታል ውስጥ የገባ ዕቃ አይታይም፤ አንድ ቁልፍ ሲፈለግ ሁሉም ይዘረገፋል፣ ክሩም ከዚፑ ጋር ይተበተባል። በተለይ መኝታውም ሳሎኑም የሥራ ቦታውም አንድ ክፍል በሆነበት ቤት፣ ዕቃ አውጥቶ መልሶ የመሰብሰቡ ጣጣ ብቻውን ሰውን ከሥራው ያርቃል።

ለዚህ ችግር ጥሩ መፍትሔ የሚሆነው ጨርቅ የለበሰ የካርቶን ሣጥን ነው። ከገበያ የሚገዛ የፕላስቲክ ሣጥን ልኩ አንዴ ተወስኖ የመጣ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ካልገባ አልገባም። በቤት የሚሠራው ግን በመደርደሪያዎ ቁመትና በዕቃዎ ብዛት ልክ ይቆረጣል። የስፌት መኪናም ሆነ የተለየ ሙያ አይጠይቅም። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም በሁለት ነገር ነው፦ በልኩና በኮላው መጠን። ልኩ ትክክል ከሆነና ኮላው ስስ ከሆነ፣ ቀሪው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ካርቶኑን መምረጥ

ለጀማሪ ከሁሉ የሚመቸው የኤ4 ወረቀት የሚመጣበት ካርቶን ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 500 ቅጠል ያላቸውን 5 እሽግ ወረቀቶች ይይዛል። ባለ 80 ግራም ወረቀት ከሆነ አንዱ እሽግ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን፣ ካርቶኑ ከ12 ኪሎ በላይ ተሸክሞ የመጣ ነው ማለት ነው። ለክርና ለጨርቅ ጥንካሬው ይተርፋል። የጫማ ካርቶን ደግሞ ስስ ስለሆነ ለቁልፍ፣ ለዶቃና ለክር ይሻላል።

የካርቶኑን የተቆረጠ ጠርዝ ጠጋ ብለው ቢያዩት ሦስት ወረቀት ያገኛሉ፦ ሁለቱ ዝርግ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ወጣ ገባ ያለ ነው። ዕቃ ለማሸጊያ ይህን ወጣ ገባ ወረቀት በ1871 (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው አልበርት ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ዓላማውም ጠርሙስና መስተዋት እንዳይሰበር ለመጠቅለል ነበር። ለእኛ የሚጠቅመን የመስመሩ አቅጣጫ ነው። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ግድግዳው ክብደት ይሸከማል፤ አግድም ሲተኙ ግን ከላይ ሲጫኑት ይታጠፋል። ስለዚህ ለሣጥኑ አዲስ ግድግዳ መቁረጥ ካስፈለገ መስመሩን አቁሞ መቁረጥ ነው።

ዘይት የነካው ካርቶን ኮላ አይዝለትምና ይተዉት። ውኃ ነክቶት የደረቀም ጥንካሬውን አጥቷል። የምግብ ዕቃ የነበረበት ከሆነ ደግሞ ማዕዘኖቹንና ክዳኑ የሚታጠፍበትን ቦታ ገልጠው ይመልከቱ፤ በረሮ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ደህናውንም ቢሆን አራግፎ ፀሐይ ላይ ማቆየት ጥሩ ነው።

መለካት

መጀመሪያ የሚለካው ካርቶኑ ሳይሆን መደርደሪያው ነው። ከፍታውን፣ ወደ ውስጥ ያለውን ጥልቀትና ወርዱን በሜትር ይለኩና ይጻፉ። ከሣጥኑ በላይ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይተዉ። በጎንና በጎን ደግሞ አንዳንድ ሴንቲ ሜትር ካልተረፈ ሣጥኑን መሳብና መመለስ ያስቸግራል።

ቀጥሎ ዕቃው ነው። ትናንሽ ነገሮች ጥልቅ ሣጥን ውስጥ ይጠፋሉ፤ ለክርና ለቁልፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። የሱፍ ክርና የተጣጠፈ ጨርቅ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል።

ከዚህ በታች ያለው ልክ ርዝመቱ 31፣ ወርዱ 22፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሣጥን የተሰላ ነው። የወረቀት ካርቶን እንደ ፋብሪካው ይለያያልና የእርስዎን ለክተው ቁጥሩን ያስተካክሉ። ካርቶኑ ከፍ ካለ ከታች ወደ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር በአራቱም ማዕዘን ምልክት አድርገው በማስመሪያ ያገናኙና ይቁረጡ። በከተር ሲቆርጡ አንዴ በኃይል ከመጫን ቀለል አድርጎ ደጋግሞ መሳብ መስመሩን ያቀናል፤ እጅንም ከአደጋ ይጠብቃል።

ጨርቁ

ከሁሉ የሚሻለው መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ጨርቅ ነው። አቡጀዲ፣ ያረጀ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የወንድ ሸሚዝ ሁሉ ያገለግላል። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚተርፈው ቁርጥራጭም ለትናንሽ ሣጥኖች በቂ ነው። በጣም ስስ ጨርቅ ኮላውን ወደ ላይ ያሳልፋል፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ሲጎትቱት ሥዕሉ ይጣመማል። የሽሮ ሜዳ ሸማ ወይም ያረጀ ነጠላ ለማልበስ ለሚያስቡ፣ ድርና ማጉ ሳሳ ስላለ ከሥሩ አቡጀዲ ይፈልጋል። ጥለቱን ብቻ ቆርጦ በሣጥኑ አፍ ዙሪያ እንደ መቀነት ማዞር ግን በጣም ያምራል።

ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ አዲስ አቡጀዲም ማጠንከሪያ አለው። ስለዚህ ብትን ጨርቅ ከተገዛ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በካውያ ይተኮስ። ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት ጥሩው ዘዴ ክር መምዘዝ ነው። ከጨርቁ ጠርዝ አንዲት ክር ይዘው ቀስ ብለው ሲስቡ ጨርቁ ላይ ቀጭን መንገድ ይታያል፤ መቀሱ በዚያ መንገድ ከሄደ ቁራጩ ሊጣመም አይችልም።

ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ 60 ሴንቲ ሜትር መግዛት ለውጩ ይበቃል። ከእሱ የሚወጡት፦

- ለውጭ ግድግዳ፦ 56 በ27 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 2 ቁራጮች
- ለውስጥ ወለል፦ 36 በ27 ሴንቲ ሜትር የሆነ 1 ቁራጭ
- ለእጀታ፦ 20 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 2 ቁራጮች

ለገበሩ ደግሞ ሳሳ ካለ ጨርቅ 55 በ22 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 2 ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ሥዕል ያለው ጨርቅ ከሆነ ከመቁረጥ በፊት ሥዕሉ በሁለቱም ቁራጮች ላይ ቀና ብሎ መቆሙን ያረጋግጡ።

ኮላው

ነጭ ኮላ ከሁሉ ይመረጣል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። የስንዴ ዱቄት ሙጫም ይይዛል፤ ነገር ግን በረሮና ሌሎች ነፍሳት ዱቄቱን ይወዱታል፣ በክረምትም ይሻግታል። ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ለሚፈለግ ሣጥን ነጩን ኮላ መግዛት ያዋጣል።

ኮላው በብሩሽ ይቀባል፤ የሚቀባውም በካርቶኑ ላይ እንጂ በጨርቁ ላይ አይደለም። የካርቶኑ ጽሑፍ እስኪጠፋ መቀባት አያስፈልግም፤ ነጭ ሆኖ ከሥሩ ጽሑፉ በስሱ የሚታይ ከሆነ መጠኑ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጨርቁን አልፎ ይወጣል፤ ሲደርቅም የማይለቅ እድፍ ይሆናል። በተረፈ ቁራጭ ላይ አስቀድሞ መሞከር ብልህነት ነው። ነጭ ወይም ደማቅ ያልሆነ ጨርቅ የሚያለብሱ ከሆነ፣ የካርቶኑ ጽሑፍ እንዳያሳልፍ አስቀድመው ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት።

አሠራሩ

1. ሣጥኑን ማጠንከር። የታችኛው መጋጠሚያ ከላላ በኮላ ያጣብቁትና በፕላስተር ያሽጉት። ከተረፈው ካርቶን 30 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወለል ቆርጠው ለብቻ ያስቀምጡ።

2. የመጀመሪያውን ግድግዳ ማልበስ። አንዱን ረጅም ጎንና ቀጥሎ ያለውን አጭር ጎን ኮላ ይቀቡ። ጨርቁ ከላይ 4፣ ከታች 3 ሴንቲ ሜትር እንዲተርፍ፣ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ማዕዘኑን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እንዲያልፍ አድርገው ያሳርፉት። ከመሃል ወደ ዳር በደረቅ ጨርቅ እየዳበሱ አየሩን ያስወጡ።

3. ሁለተኛውን ማልበስ። የሁለተኛውን ቁራጭ ሁለት ጫፎች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አጥፈው በካውያ ይጫኑ። ሲለጠፍ የታጠፈው ጠርዝ ልክ ማዕዘኑ ላይ ያርፋል፤ የተተለተለ ክርም አይታይም።

4. አፉን ማጠፍ። ከላይ የተረፈውን 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ከማጠፍዎ በፊት በአራቱ ማዕዘኖች ላይ በመቀስ ይሰንጥቁ። ስንጥቁ ከሣጥኑ አፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ይቁም። እስከ አፉ ከተቆረጠ ካርቶኑ ይጋለጣል፤ ይህን ደግሞ በኋላ መሸፈን ያስቸግራል።

5. ሥሩን ማጠፍ። ከታች የተረፈውን በማዕዘኖቹ ላይ እንደ ሦስት ማዕዘን ቆርጠው ትርፉን ያውጡ። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹን ጎኖች ያጥፉ። በላዩ ወፍራም ወረቀት ቢለጠፍ ሥሩ ንጹሕ ይሆናል።

6. እጀታ ማስገባት። ለእጀታ የተቆረጠውን ጨርቅ ደጋግመው በማጠፍ ወርዱን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያውርዱና በእጅ ይስፉት። በአጭሩ ጎን ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ስንጥቅ አውጥተው ጫፎቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ። ከካርቶኑ ጋር ሲሰፉት ከውስጥ በኩል አሮጌ ቁልፍ አድርገው ክሩን በቁልፉ ቀዳዳ ያሳልፉ። ክር ብቻውን ሲጎተት ካርቶኑን ይቀደዋል፤ ቁልፉ ግን ኃይሉን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል።

7. ገበሩን መለጠፍ። የገበሩን የላይ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ይተኩሱት። ከሣጥኑ አፍ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ሲለጥፉት የእጀታውን ስፌትና የመጀመሪያውን ጨርቅ ጠርዝ ይሸፍናል። ጫፎቹ የሚጋጠሙት እንደ ውጭው ነው። ከታች የሚተርፈው 2 ሴንቲ ሜትር ወለሉ ላይ ይተኛል።

8. ወለሉን ማስገባት። የቆረጡትን ወለል ጨርቅ አልብሰው፣ ትርፉን በጀርባው አጥፈው ይለጥፉ። ወደ ሣጥኑ ሲገባ የገበሩን ጫፍ ሁሉ ይደብቃል።

ገበር ለውበት ብቻ አይደለም። ወረቀት ኮላ ሲነካው ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በውጭ በኩል ብቻ ከተለጠፈ ግድግዳው ወደዚያው ጎን ይጎብጣል፤ በሁለቱም በኩል ሲለጠፍ ግን አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ጨርቅ ከሌለ የአሮጌ ካላንደር ወረቀት ለገበር ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ውስጡ መጽሐፍ ተደርጎበት እስከ ማግስቱ ይቆይ፤ ሳይደርቅ ዕቃ ማስገባት ቅርጹን ያበላሻል።

ሲጠቀሙበት

በየቀኑ ለሚነሳ ዕቃ ክፍት ሣጥን ይመቻል፤ ክዳን የሚያስፈልገው ለሱፍ ክርና አቧራ ለማይወድ ጨርቅ ነው። ካርቶኑ ከክዳኑ ጋር ከመጣ ክዳኑን ሲያለብሱ ስስ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ ሣጥኑ ከለበሰ በኋላ ስለሚወፍር ክዳኑ ሊጠብበት ይችላል። ከፊት በኩል ትንሽ ኪስ ሰፍተው የይዘቱን ስም የያዘ ካርድ ቢያስገቡበት፣ ይዘቱ ሲለወጥ ካርዱ ብቻ ይቀየራል። መርፌና ስፒል በሣጥኑ ውስጥ እንዲሁ አይጣሉ፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይሁኑ፣ ልጅ በማይደርስበትም ይቀመጡ።

የዚህ ሣጥን ጠላት ውኃ ነው። ወለል በሚታጠብበት ክፍል መሬት ላይ አይቀመጥም። በክረምት እርጥበት ከሚወጣበት ግድግዳ ፈቀቅ ይበል፤ ፀሐይ ሲወጣም ባዶውን አውጥቶ ማናፈስ ይጠቅማል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፤ እድፍ ከነካው በጣም በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ አይዘፈዘፍም። ከከሰል ምድጃም ይራቅ።

ለመጀመር ሙሉ መደርደሪያ የሚሞላ ሣጥን መሥራት አያስፈልግም። አንድ ብቻ ይሥሩ፤ እሱንም በየሥራው መጀመሪያ ላይ እየፈለጉ ጊዜ ለሚያጠፉበት ዕቃ ይስጡት። የመጀመሪያው ማዕዘኑ ትንሽ ቢሸበሸብም ዕቃ ከመያዝ አያግደውም፤ ሁለተኛው ይስተካከላል። ካርቶን እንዳይጣል፣ ያረጀ አንሶላም ቆሻሻ ውስጥ እንዳይገባ በማድረግ ብቻ እንኳ ሥራው ድካሙን ይክሳል። እንግዲህ ዛሬ ሜትር ይያዙና መደርደሪያዎን ይለኩ።